ከመርፌው እስከ ፋይሉ፦ የአንድ ሣጥን ሸክላ የሥራ ማስታወሻ

መስከረም፣ የመጀመሪያው ሳምንት

በሣጥኑ ውስጥ ያሉት ሸክላዎች አብዛኞቹ ሰባት ኢንች ስፋት ያላቸው፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩና በእያንዳንዱ ፊታቸው አንድ ዘፈን የያዙ ናቸው። ከእነሱ ጋር ጥቂት ባለ 12 ኢንች አልበሞችና ከሁሉም የሚያረጁ፣ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞሩ ተሰባሪ ሸክላዎች ይገኛሉ። ባለቤታቸው በሰፈራችን ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ በወጣትነታቸው በአንድ ቡና ቤት ሙዚቃ ያጫውቱ የነበሩ አዛውንት ናቸው። ሣጥኑን የሰጡኝ ዘፈኖቹን ወደ ኮምፒውተር አዛውሬ ሸክላዎቹን አንድም ሳይጎድል እንድመልስላቸው ነው። ርክክቡ ላይ የሰጡኝ ማሳሰቢያ አንድ ብቻ ነበር፦ «ልጄ፣ ጠርዙን ይዘህ አንሳው እንጂ ፊቱን አትንካው፤ የእጅህ ወዝ ውስጡ ይገባል።»

ይህን ማስታወሻ የምይዘው ተመሳሳይ ሥራ ለሚጀምር ሰው ይጠቅማል ብዬ ነው። በተጨማሪም «ሸክላ ይሻላል ወይስ ሲዲ?» የሚለው የቆየ ክርክር በወሬ ሳይሆን በሥራ ላይ ምን እንደሚመስል ለማየት ፈልጌአለሁ።

የእነዚህ ሸክላዎች ዘመን አጭር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ ሸክላ የማስገባትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ስለነበር፣ ወጣቱ አምኃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምኃ ሪከርድስን አቋቁሞ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ ሲያወጣ ሥራው ድፍረት የሚጠይቅ ነበር። ድርጅቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቶ የሚበልጡ ባለ 45 ሸክላዎችን በውጭ አገር እያሳተመ አወጣ፤ ከሌሎቹ አሳታሚዎች ፊሊፕስም ነበር፣ ካይፋም ተከተለ። ከአብዮቱ በኋላ አምኃ እ.ኤ.አ. በ1975 ከአገር ሲወጣና ካሴት ገበያውን ሲይዝ የሸክላው ዘመን ተዘጋ። እንግዲህ የስቱዲዮ ቴፑ በእጃችን ለሌለ ዘፈን ዋናው ሰነድ ሸክላው ራሱ ነው ማለት ነው፤ ሥራዬንም የምመራው በዚህ ሐሳብ ነው።

መስከረም አጋማሽ

ዋሽንግተን የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ያገለገለ ሸክላ ማጫወቻ ሊልክልኝ ፈቃደኛ ሆኖ ነበር። ከመላኩ በፊት ከሥሩ የተለጠፈውን ጽሑፍ በስልኩ አንስቶ እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት፤ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ (ሞገዱ በሰከንድ 60 ጊዜ ይደጋገማል ማለት ነው) ይላል፣ ሞተሩም ፍጥነቱን በቀጥታ ከመብራት ኃይሉ ሞገድ የሚወስድ ዓይነት ነው። ብዙ ሰው ትራንስፎርመር ከተገዛ ነገሩ ያበቃለት ይመስለዋል፤ ትራንስፎርመር ግን የሚቀይረው ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይደለም። የእኛ መስመር 50 ኸርዝ ስለሆነ እንዲህ ያለው ሞተር ከፍጥነቱ አንድ ስድስተኛውን ያጣል፤ በ45 መዞር የነበረበት ሸክላ በ37.5 ይዞራል፣ ዜማውም ከሦስት ግማሽ ድምፅ በላይ ወደ ታች ይወርዳል (ግማሽ ድምፅ በፒያኖ ላይ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ነው)። ብዙነሽ በቀለን በዚያ ፍጥነት የሰማ ሰው ወንድ ነው የሚዘፍነው ቢል አይፈረድበትም። ስለዚህ እቃው እዚያው እንዲቀር ተስማማን።

በመጨረሻ ለሥራው የያዝኩት ፍጥነቱ ኳርትዝ በሚባል ክሪስታል የሚጠበቅና ሳሕኑን ሞተሩ ያለ ቀበቶ በቀጥታ የሚያዞርለት ቴክኒክስ ኤስ ኤል 1200 ማርክ 2 ነው። ይህ ሞዴል እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣ ሲሆን ለዲጄዎች ከነበረው ጥቅም ባልተናነሰ ለእንዲህ ያለው ሥራ ይመቻል፤ መብራት ጠፍቶ በጄኔሬተር ስንሠራ እንኳ ፍጥነቱ አይዛባም።

ሌላ ማጫወቻ ያለው ሰው ፍጥነቱን የሚፈትሽበት ርካሽ መንገድ ባለ መስመር የወረቀት ክብ ነው። በ50 ኸርዝ መስመር ላይ ያለ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ስለሚል፣ ለ33⅓ ዙር 180፣ ለ45 ዙር ደግሞ 133 መስመሮች የተሠመሩበት ክብ በትክክለኛው ፍጥነት ሲዞር መስመሮቹ የቆሙ ይመስላሉ። ዛሬ ቤታችን ካሉት የኤልኢዲ አምፖሎች ብዙዎቹ ግን ለዚህ የሚበቃ ብልጭታ የላቸውም፤ የድሮው ረጅም ፍሎረሰንት በዚህ ይበልጣቸዋል።

መስከረም መጨረሻ

ሳምንቱ በሙሉ በማጠብ አለፈ። የቡና ቤት ሸክላ ላይ ያለው ቆሻሻ አቧራ ብቻ አይደለም። የሲጋራ፣ የዕጣንና የቡና ቁላት ጢስ ለዓመታት ተጋግሮበት በብሩሽ ብቻ የማይለቅ ቀጭን ሽፋን ይሠራል፤ የክረምቱ እርጥበት ደግሞ በወረቀት ሽፋኖቹ ላይ ሻጋታ ያበቅላል፣ እሱም ወደ ሸክላው ይሸጋገራል።

የማጠቢያው መሠረት የተጣራ ውሃ ነው። የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ በውስጡ ያለው ማዕድን በቦዮቹ፣ ማለትም መርፌው በሚሄድባቸው ቀጫጭን መስመሮች፣ ውስጥ ስለሚቀር፣ ካጸዳ በኋላ አዲስ ጫጫታ ይፈጥራል። የተጣራ ውሃ ከመኪና መለዋወጫ መደብሮች ለባትሪ የሚሸጠውን ማግኘት ይቻላል፤ ነገር ግን በዚያው መደርደሪያ ላይ ለባትሪ የሚሞላው አሲድ በሚመሳሰል ጠርሙስ ስለሚቀመጥ ጽሑፉን ሳያነቡ መግዛት አደጋ አለው። በውሃው ላይ ከፋርማሲ የተገዛ ጥቂት አልኮልና አንድ ጠብታ የእቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨመርኩ። ለስላሳውን ብሩሽ በቦዮቹ አቅጣጫ በክብ እንጂ በማቋረጥ አላስኬድም፤ የመሃሉ ወረቀት ቀለሙ እንዳይለቅም በክብ ፕላስቲክ ሸፍኜ እሠራለሁ። ከመጀመሪያው ሸክላ የወረደው ውሃ ቀለሙ ደማቅ ሻይ ይመስል ነበር፤ ከታጠበ በኋላ በመብራት አንጻር ሳዘነብለው ቀድሞ ደብዝዞ የነበረው ፊት ቦዮቹ አንድ በአንድ እስኪለዩ አብለጨለጨ።

ባለ 78ቶቹ ከዚህ ውሃ ፈጽሞ አልቀረቡም። እነሱ የተሠሩት ቪኒል ከሚባለው ፕላስቲክ ሳይሆን ሼላክ ከሚባል ሙጫ ነው፤ ሼላክን ደግሞ አልኮል ያሟሟዋል። እነሱ የሚጸዱት በተጣራ ውሃና በሳሙና ጠብታ ብቻ ሆኖ ወዲያው ይደርቃሉ።

ጥቅምት መጀመሪያ

አንዳንዶቹ ባለ 45ቶች የመሃል ቀዳዳቸው ጁክቦክስ ለሚባለው የሙዚቃ ሣጥን የተዘጋጀው 38 ሚሊ ሜትር የሚሆነው ሰፊው ነው። ለእነዚህ መሙያ ማስገባት የግድ ነው፤ ችግሩ መሙያው ከላላ ሸክላው ከመሃሉ ፈንገጥ ብሎ ይቀመጣል። በፋብሪካም ቀዳዳው ከመሃል ዝንፍ ብሎ የተበሳባቸው አጋጥመውኛል። መርፌው ከመሃሉ 70 ሚሊ ሜትር ርቆ ባለበት ቦታ ላይ የግማሽ ሚሊ ሜትር ዝንፈት ፍጥነቱን በ0.7 በመቶ ከፍና ዝቅ ያደርገዋል፤ ይህም የግማሽ ድምፅ አንድ ስምንተኛ ያህል ነው። በፈጣን ጭፈራ ውስጥ ጆሮ አይለየውም፤ በትዝታ ውስጥ ሳክስፎኑ አንድ ድምፅ ይዞ ሲቆይ ግን ዜማው በየ1.33 ሰከንዱ ሲወዛወዝ ይሰማል። መፍትሔው ቀላል ሆኖ ትዕግሥት ይፈልጋል፦ ሰፊ ቀዳዳ ያላቸውን ያለ መሙያ አስቀምጬ፣ መርፌውን የተሸከመው ክንድ ከጎን ወደ ጎን መወዛወዙን እስኪያቆም ድረስ ሸክላውን በጣት ጫፍ እየገፋሁ መሃሉን አገኝለታለሁ። ጠባብ ቀዳዳ ያላቸውን ቀዳዳቸውን የማስፋት ሐሳብ ቀርቦልኝ ነበር፤ የሰው ንብረት ላይ መሰርሰሪያ አላነሣም።

የመርፌው ምርጫ ከዚህ ሁሉ የበለጠ ለውጥ አመጣ። ክብ ጫፍ ያለው መርፌ ራዲየሱ 18 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ገደማ ሲሆን፣ ሞላላው ግን በጠባብ በኩሉ 8 ማይክሮን ያህል ነው። እነዚህ ሸክላዎች በቡና ቤት ከባድ ክንድና ያረጀ መርፌ ሲፈጫቸው ስለኖረ፣ የቦዮቹ ግድግዳ መርፌው ይነካው በነበረበት ከፍታ ላይ ተበልቷል። ቅርጹ የተለየ መርፌ ግድግዳውን በሌላ ከፍታ ስለሚነካው አንዳንዴ ያልተበላውን ክፍል ያገኛል። እኔም ሁሉንም በሁለቱ መርፌዎች፣ በሁለት ግራም ክብደት እየሞከርኩ የተሻለውን እመርጣለሁ። በጣም በተበሉት ላይ ክቡ መርፌ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ይህ ውድ መርፌ ሁልጊዜ ይበልጣል ለሚሉት አይጥማቸውም።

ሌላው ጥቅም የሚገኘው ዘፈኖቹ ሞኖ፣ ማለትም ባለ አንድ መስመር ድምፅ፣ በመሆናቸው ነው። በሞኖ ሸክላ ላይ ሙዚቃው ያለው በመርፌው የጎን እንቅስቃሴ ብቻ ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመጣው እንቅስቃሴ አቧራና ጉዳት ነው። የስቲሪዮ ካርትሪጅ (የመርፌውን እንቅስቃሴ ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል) ሁለቱንም ስለሚያነብ፣ የግራውንና የቀኙን መስመር ስንደምር የጎኑ ይጠነክራል፣ የላይና የታቹ ይጣፋል። ይህን ድምር ግን በቀረጻው ጊዜ አላደርገውም። ከሁለቱ ግድግዳዎች አንዱ ብቻ የተጎዳበት ሸክላ ስላለ፣ ሁለቱን መስመሮች ለየብቻ አስቀምጬ ውሳኔውን ለኋላ አቆየዋለሁ።

ጥቅምት አጋማሽ

አንድ ወዳጄ ሸክላ ማጫወቻውን ከስፒከሩ ጋር ራሱ አገናኝቶ «ድምፁ ቀጭን ነው፣ ባስ የለውም፤ ሸክላ የሚባለው ይሄ ነው እንዴ?» ብሎ ደወለልኝ። ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ይጨመራል። ወፍራሙ እንዳለ ቢቀረጽ ቦዩን በጣም ስለሚያወዛውዘው በአንድ ፊት የሚይዘው ደቂቃ ያጥራል፣ መርፌውም ሊዘል ይችላል፤ ቀጭኑ ደግሞ የሚጨመረው ሲጫወት መልሶ ሲቀነስ የሸክላው እሽታ አብሮት እንዲቀንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የአሜሪካ አሳታሚዎች ማኅበር ባጸደቀው አርአይኤኤ በሚባለው መለኪያ መሠረት ቅነሳው ከ500 ኸርዝ በታች፣ ጭማሪው ከ2,122 ኸርዝ በላይ ሆኖ፣ በጫፎቹ በ20 ኸርዝና በ20 ኪሎ ኸርዝ ላይ እያንዳንዳቸው ወደ 20 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልህነት መለኪያ) ይደርሳሉ። ይህን የሚመልሰው ፎኖ የሚባለው ቅድመ ማጉያ ነው። ከካርትሪጁ የሚወጣው አምስት ሚሊ ቮልት ገደማ፣ ከሲዲ ማጫወቻ የሚወጣው ግን ሁለት ቮልት ያህል ስለሆነ፣ ያለ ፎኖ የሚሰማው ድምፅ ከመቅጠኑም በላይ ደካማ ነው። ወዳጄ ፎኖ ገዛ፤ ከዚያ ወዲህ አልደወለም።

ጥቅምት መጨረሻ

ቀረጻውን በ24 ቢትና በ96 ኪሎ ኸርዝ አድርጌዋለሁ፤ ኪሎ ኸርዙ ድምፁ በሰከንድ ስንት ሺህ ጊዜ እንደሚለካ፣ ቢቱ ደግሞ የእያንዳንዱን ልኬት ጥራት ይናገራል። ዓለም አቀፉ የድምፅ መዛግብት ማኅበር ለእንዲህ ያለ ሥራ ቢያንስ 24 ቢትና 48 ኪሎ ኸርዝ ይመክራል። በዚህ መጠን አንድ ደቂቃ ስቲሪዮ ወደ 35 ሜጋ ባይት ይይዛል፤ በሲዲ መጠን፣ ማለትም በ16 ቢትና በ44.1 ኪሎ ኸርዝ፣ ወደ 10.6 ሜጋ ባይት፤ በ128 ኪሎ ቢት ኤም ፒ ስሪ ደግሞ ከአንድ ሜጋ ባይት ያነሰ ነው።

ከፍተኛውን መጠን የመረጥኩት ጆሮ ስለሚለየው አይደለም። ከአንድ ሸክላ የሚወጣው ከፍተኛ ድምፅ እስኪጫወት ድረስ ስለማይታወቅ ከላይ ሰፊ ቦታ ትቶ መቅረጽ ያስፈልጋል፣ 24 ቢት ይህን ቦታ ያለ ኪሳራ ይሰጣል። ሠንጠቅ ሠንጠቅ የሚለውን የጭረት ድምፅ ለማረም የሚሠራው ፕሮግራምም በ96 ኪሎ ኸርዝ ላይ ጭረቱን ከሙዚቃው በተሻለ ይለየዋል።

ለመስማት ብቻ ከሆነ የሲዲው መጠን ይበቃል፣ እንዲያውም ይተርፋል። 16 ቢት በጸጥታና በጩኸት መካከል 96 ዴሲቤል ያህል ርቀት ሲሰጥ፣ ጥሩ የቪኒል ሸክላ ከ60 እስከ 70 ዴሲቤል ገደማ ነው። «ዲጂታል ድምፁን እንደ ደረጃ ይቆራርጠዋል» የሚለው አባባል በብዙዎች ዘንድ እንደ እውነት ቢወሰድም ትክክል አይደለም፤ እስከ 22 ኪሎ ኸርዝ ድረስ ያለው ሞገድ ከተመዘገቡት ነጥቦች ሲወጣ ለስላሳ ሆኖ ነው የሚመለሰው።

ይህንን ከጋሼ ጋር ፈተንኩት። ከፎኖው የሚወጣውን ድምፅ በሁለት መንገድ ወደ ማጉያው ላክሁት፦ አንዱ በቀጥታ፣ ሌላው በሲዲው መጠን ወደ ዲጂታል ተቀይሮ ወዲያው ወደ ድምፅ በመመለስ። የሁለቱን ጉልህነት በቮልት መለኪያ አመጣጠንኩ፤ አንዱ ትንሽ እንኳ ከጎላ ጆሮ እሱን የተሻለ ብሎ ስለሚመርጥ ይህ እርምጃ የሚዘለል አይደለም። ጋሼ ከስፒከሩ ፊት ተቀምጠው እኔ ከጀርባቸው ማብሪያውን ስቀያይር የትኛው የትኛው እንደሆነ ሲገምቱ አንዴ ያገኙታል አንዴ ይስታሉ። በመጨረሻም «ልዩነት ካለው ለእኔ ጆሮ አይደለም፤ ይሄ ያው ሸክላው ነው» አሉ።

ሰዎች የሸክላ ሙቀት የሚሉት ነገር አለ፤ እኔም እሰማዋለሁ። ነገር ግን ያ ሙቀት ወደ ዲጂታሉ ሲሻገር ምንም ካልጎደለበት፣ ዲጂታል የሌለው ነገር ነው ሊባል አይችልም። የሚመጣው ከቀረጻው፣ ከቅድመ ማጉያው፣ ከመርፌውና ከቦዩ ነው፤ ሸክላው በሙዚቃው ላይ የሚጨምረው ቀለም ነው። ከሲዲ የሚሰማው ድርቀትም ብዙውን ጊዜ የሲዲው ጥፋት ሳይሆን ድምፁን ሁሉ እስከ ጣሪያው ጎትቶ፣ ከፍታና ዝቅታውን ደፍጥጦ ለኅትመት ያዘጋጀው ባለሙያ ጥፋት ነው።

ኅዳር መጀመሪያ

በየሰፈሩ «ሙዚቃ እንጭናለን» ከሚሉ ሱቆች በፍላሽ የተጫኑ የእነዚሁ ዘፈኖች ኤም ፒ ስሪዎች ሰብስቤ ከቀረጻዬ ጋር አስተያየሁ። ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ሥዕላዊ ማሳያ ሲታዩ ድምፁ 16 ኪሎ ኸርዝ ላይ በቢላ እንደተቆረጠ ያቆማል፤ ብዙ ሰው ጉዳቱ ይህ ነው ብሎ ይደመድማል። ከእነዚህ አሮጌ ሸክላዎች ላይ ግን ከዚያ በላይ የሚገኘው በአብዛኛው እሽታ ስለሆነ ቢቆረጥ የሚያስቆጭ አይደለም። እውነተኛው ጉዳት ከዚያ በታች ነው፦ ኤም ፒ ስሪ ጆሮ አይሰማውም ብሎ የገመተውን ሲጥል፣ በ128 ኪሎ ቢት ላይ የከበሮው ጸናጽል ጥርት ብሎ መምታቱን ትቶ ይንሳፈፋል፤ የጭረቱ ድምፅም ጭቃማ ይሆናል። ብዙዎቹ ደግሞ ከካሴት ተቀድተው የመጡ በመሆናቸው ፍጥነታቸው ከሸክላው የተለየ ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ በክራር የሚያጠና ልጅ ቅኝቱን ያለ ቦታው ይይዛል።

ኅዳር አጋማሽ

ጭረት ማጽዳት ከሁሉም ሥራ የሚያታልለው ነው። ፕሮግራሙ ድንገት ብቅ ብሎ የሚጠፋውን ድምፅ ሁሉ ጭረት አድርጎ ስለሚወስድ፣ ቁልፉን በትንሹ ከፍ ሲያደርጉት ሙዚቃውን መብላት ይጀምራል። ይህ በጉልህ የታየኝ ሽለላን በሳክስፎን በተጫወተው በጌታቸው መኩሪያ ላይ ነው። የእርሱ ሳክስፎን ሸካራ፣ ከአፉ ሲወጣ የሚሰነጠቅ ድምፅ አለው፤ ፕሮግራሙ ያንን ስንጥቅ እየፈለገ ሞረደው፣ ሲያበቃ የቀረው ጨዋ የሠርግ ሳክስፎን ነበር። ተወግዷል የተባለውን ብቻ ለይቼ ሳዳምጥ በውስጡ የተነፋው ዜማ ይሰማ ነበር። የማሲንቆ ደጋን ድምፅም ላይ እንዲሁ ነው።

ስለዚህ ትላልቆቹን ጭረቶች ብቻ ሞገዱን እያጎላሁ አንድ በአንድ በእጅ እጠግናለሁ፤ የጀርባውን እሽታ እንዳለ እተወዋለሁ። ጥሬው ቀረጻ ሳይነካ ለብቻው ይቀመጣል፣ ምክንያቱም ነገ የተሻለ መሣሪያ ሲመጣ መነሻ የሚሆነው እሱ ነው።

ኅዳር መጨረሻ

እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ፍራንሲስ ፋልሴቶ በፓሪስ በቡዳ ሙዚክ በኩል ያወጣው፣ የዚያን ዘመን ዘፈኖች የያዘው የኢትዮፒክስ ተከታታይ ሲዲ ጋሼ ዘንድም አለ። በሁለቱም የሚገኙትን ዘፈኖች አወዳደርኩ። ሲዲው ጸጥ ያለ ነው፣ ድምፃዊው ይቀርባል፣ ባሱ ይያዛል፤ ለመስማት የሚፈልግ ሰው ሲዲውን ቢመርጥ ምንም አልቃወምም። ሣጥኑ የሚበልጠው በሌላ ነው፦ በሲዲ ያልወጡ ዘፈኖች አሉበት፣ ከሥራውም ዘመን የመጣ ማስረጃ ነው። የመሃሉ ወረቀት አሳታሚውን፣ የድምፃዊውንና የባንዱን ስም፣ ተከታታይ ቁጥሩን ይነግራል፤ ከቦዮቹ መጨረሻ ባለው ባዶ ቦታ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ደግሞ ከየትኛው ኅትመት እንደሆነ ለመለየት ይረዳል። ከፍላሽ የመጣው ኤም ፒ ስሪ «ትራክ 07» ብቻ ይላል። ስለዚህ የእያንዳንዱን ወረቀት ፎቶ ከፋይሉ ጋር አስሬአለሁ።

የፋይል ስም አጻጻፍ ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ። ዓለማየሁ በዐይኑ «ዓ»ም በአልፋው «አ»ም ስለሚጻፍ፣ ኮምፒውተሩ ሁለት ሰዎች ያደርጋቸዋል፤ ጥላሁን ገሠሠም በንጉሡ «ሠ»ና በእሳቱ «ሰ» መካከል ይበተናል። አንድ አጻጻፍ ወስኜ፣ በወረቀቱ ላይ ያለውን ግን በሌላ መስክ እንዳለ መዘገብኩት።

ለማስቀመጫ ሲዲን አልተጠቀምኩም። በፋብሪካ የታተመ ሲዲ በደህና ከተያዘ ይቆያል፤ በቤት የሚቃጠለው ግን መረጃውን የሚይዘው በቀለም ንብርብር ላይ ስለሆነ ብርሃንና ሙቀት ያጠፉታል፣ ከጋሼ መሳቢያ የወጡትም ግማሾቹ አይነበቡም። ፋይሎቹን በፍላክ አደረግኋቸው፤ ይህ ዓይነት መጠኑን ሲቀንስ ከድምፁ ምንም አይጥልም፣ በውስጡም ድምፁ መበላሸት አለመበላሸቱን የሚያረጋግጥ ቁጥር ይይዛል። አንድ ሃርድ ዲስክ እኔ ጋ፣ አንድ ጋሼ ጋ፣ አንድ ደግሞ ከአዲስ አበባ ውጭ ይቀመጣል። በቅጂ መብት ሕጉ የተጠበቁ ሥራዎች ስላሉበት ለሕዝብ አይለቀቁም።

ታኅሣሥ

የቀሩት ባለ 78ቶቹ ናቸው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 ጀርመን አገር ከተቀረጹበት ጊዜ አንሥቶ ኢትዮጵያዊ ድምፅ የተቀመጠው በዚህ ዓይነት ላይ ነው፤ የጋሼ ሸክላዎች ግን ከዚያ እጅግ የቅርብ ናቸው። ቦያቸው ሰፊ ስለሆነ እስካሁን የተጠቀምኩባቸው መርፌዎች ከሥሩ ይንሸራተታሉ፤ ወደ 70 ማይክሮን የሚጠጋ ጫፍ ያለው መርፌ ታዟል። ማጫወቻው 78 ዙር ስለሌለው በ45 ቀርጬ በኮምፒውተሩ 1.73 ጊዜ አፈጥነዋለሁ። በዚህ አሠራር ፎኖው የሚያደርገው ማስተካከያ በተሳሳተ ቦታ ላይ ስለሚያርፍና እ.ኤ.አ. ከ1954 በፊት የነበሩ አሳታሚዎች በየራሳቸው መለኪያ ይቀርጹ ስለነበር፣ ቀረጻው ያለ ምንም ማስተካከያ ተወስዶ ፍጥነቱ ከተመለሰ በኋላ ይታረማል። ለዚህም ያለ አርአይኤኤ የሚያጎላ ትንሽ ማጉያ እየሠራሁ ነው፤ ሰሌዳው ተበይዷል፣ የቀረው የኃይል ምንጩ ነው።